አራት ካንዴላ በአንድ ጣሳ

ጋራዥ በረዳትነት ከገባሁ ገና 6ኛ ወሬ ነበር። ያኔ ካንዴላ፣ ሞተሩ ውስጥ ነዳጁን የሚለኩሰውን ብልጭታ ሰጪ፣ መቀየርን ከሥራ አልቆጥረውም። አሮጌውን ፈትቶ አዲሱን ማሰር፣ በቃ። አለቃዬ "የዚችን መኪና ካንዴላና የካንዴላ ገመድ ቀይር፤ ባለቤቱ ቀትር ላይ ይወስዳታል" ሲሉኝ እንደ እረፍት ነው የቆጠርኩት።

መኪናዋ የድሮ ናት። ባለ 4 ሲሊንደር፣ ባለ ዲስትሪቢዩተር፤ እሳቱን በገመዶቹ በኩል ለየካንዴላው በተራ የሚያከፋፍለው ማለት ነው። አራቱንም ገመድ ባንዴ ነቀልኩ። አራቱንም ካንዴላ ፈታሁና አንድ ጣሳ ውስጥ ወረወርኳቸው።

አዲሶቹን ግን በወጉ ነው ያሰርኩት፤ እዚህ ላይ ራሴን አላማም። ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠብቄያለሁ። ከመፍታቴ በፊት ዙሪያውን በአየር ነፍቼ አቧራውን አስወግጃለሁ። ብልጭታው የሚዘልበትን የጫፋቸውን ክፍተት ለክቼ ለዚያ ሞተር የተባለውን 0.8 ሚሊሜትር አግኝቻለሁ። መጀመሪያ በእጄ አዙሬ ጥርሱ መያዙን ሳላረጋግጥ ቁልፍ አላስነካሁትም። ካንዴላው የሚታሰርበት የአሉሚኒየም ቴስታታ፣ የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ጥርሱ አንዴ ከተበላ ጣጣው ብዙ ነው።

ገመዶቹ ላይ ስደርስ ነው ነገር የመጣው። ረጅሙ ለሩቁ፣ አጭሩ ለቅርቡ አልኩ። ለ1ኛውና ለ4ኛው ሠራ። የ2ኛውና የ3ኛው ግን እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። እንደመጣልኝ ሰካኋቸው።

ሞተሩ ተነሳ። መነሳት ከተባለ። በሁለት ሲሊንደር እየተንገጫገጨ መኪናዋን ሙሉ ያንቀጠቅጣታል። ነዳጅ ስሰጠው ነዳጅና አየር በሚቀላቅለው ካርቡሬተር በኩል ጧ! አደረገ። ጋራዡ ውስጥ ያለው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

አለቃዬ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ መጡ።

"የእሳቱ ቅደም ተከተል ስንት ነው?"

"1፣ 3፣ 4፣ 2 ነው ጋሼ።"

"አየህ፣ ታውቀዋለህ።"

የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን አነሱ። ሞተሩን በእጅ አዙረው እሳቱን የሚያዳርሰው ሮተር ወዴት እንደሚዞር አሳዩኝ። ከ1ኛው ተነስተን በዙሩ አቅጣጫ ስንቆጥር የ2 እና የ3 ገመድ ተለዋውጠዋል። አስተካከልናቸው፤ ሞተሩ ጸጥ አለ። ነገሩ ሁሉ 10 ደቂቃ አልፈጀም። ተረፍኩ ብዬ ኮፈኑን ልዘጋ ስል አሮጌዎቹን ጠየቁኝ።

ጣሳውን ሰጠኋቸው። አንድ በአንድ እያወጡ በብርሃን አዩ። ሦስቱ ጫፋቸው ቡናማ ነው፤ ጤነኛ ሞተር የሚያሳየው ቀለም። አራተኛው ጥቁር ነው፣ ዘይት ለብሷል። ደረቅ ጥቀርሻ ቢሆን ነዳጅ በዝቶበት ነው ይባል ነበር። ይሄ ግን ሲነኩት ይቀባል።

"የስንተኛው ነው?"

ዝም አልኩ። ጣሳውን አየሁት፤ እሱም ዝም አለ።

አለቃዬ አልጮኹብኝም፤ ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። አዲሶቹን እንደገና አስፈቱኝና የአራቱንም ሲሊንደር ኮምፕሬሽን፣ የሚታመቀውን አየር ግፊት፣ በጌጅ ለካን። ሁሉም ተቀራራቢ ሆነ። ይህ ብቻውን ፒስተኑን የከበበውን ቀለበት፣ ፒስተን ሪንጉን፣ ሙሉ በሙሉ ነጻ ባያወጣውም፣ ጥርጣሬው ይበልጥ በቫልቩ ዘንግ በኩል ዘይት እንዳይወርድ የሚያግደው ጎሚኒ ላይ ወደቀ። የትኛው ሲሊንደር ላይ ነው ለሚለው ግን ጌጁ መልስ የለውም። መልሱ የነበረው እኔ ጣሳ ውስጥ በደባለቅኩት ካንዴላ ላይ ነው።

ባለቤቱ ቀትር ላይ መጣ። መኪናዋ ዘይት እየበላች እንደሆነ፣ ከየት እንደሆነ ለማወቅ ግን ከጥቂት ሳምንት በኋላ መመለስ እንዳለበት አለቃዬ ነገሩት። ሰውየው ግራ ገባው። "ካንዴላውን አውጥታችሁ አይታችሁት የለም እንዴ?" አለ። ልክ ነበር። እኔ ጎማ የማይ መስዬ ጎንበስ አልኩ።

ሲመለስ ካንዴላዎቹን የፈታሁት እኔ ነኝ። አንዱን ፈትቼ፣ አይቼ፣ ቁጥሩን ጽፌ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው። 3ኛው ጠቁሯል።

ያን ዕለት ማታ ከወዳደቀ ጣውላ ላይ አራት ቀዳዳ በሳሁ። ከ1 እስከ 4 ቁጥር ጻፍኩባቸው፤ 1ኛው በየት በኩል እንደሆነም ቀስት ሣልኩ። ለገመዶቹ ደግሞ ቁጥር የምጽፍበት ፕላስተር ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። ጠዋት ጣውላውን ለአለቃዬ አሳየኋቸው። አገላብጠው አዩት።

"ባለ 6 ሲሊንደር ሲመጣስ?"

መሰርሰሪያውን አንስቼ ሁለት ጨመርኩ።