እንጦጦ፣ ጭቃና የኔ ጉልበት

ይኸው ሰው ፈቃድ ወስዶ ላንጋኖ ሲሄድ እኔ ሳምንቱን ሙሉ በክረምት ጭቃ ሽቅብ ስሮጥ ከረምኩ ሃሃ። ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነበር። ሽሮ ሜዳ ከታክሲ ስወርድ ገና 12 ሰዓት ተኩል፣ ጉሙ ወርዶ ባህር ዛፎቹ ከወገብ በላይ አይታዩም። አስፋልቱን ትቼ በእግር መንገዱ ገባሁ፣ እዛ ጋ ነው እንግዲህ ጉዱ፣ ጭቃው ጫማዬ ላይ እየተደራረበ በየ20 እርምጃው በእንጨት መፋቅ ሆነ ስራዬ፣ የረገፈው የባህር ዛፍ ቅጠል ደሞ ሲረጥብ ሳሙና በሉት። ከተማው ራሱ 2,400 ሜትር አካባቢ ነው፣ የእንጦጦ አናት 3,000ን ያልፋል፣ ሰኞ ለታ 5 ደቂቃ ሳልሮጥ ልቤ ጆሮዬ ስር ነበር የሚመታው። ሐሙስ ሜዳ ይሻለኛል ብዬ ሱሉልታ ሄድኩ፣ አትሌቶቹ እየተጫወቱ ሲያልፉኝ ዳር ይዤ ስልክ የማወራ መሰልኩ።

ዛሬ ቁልቁለቱ ላይ አዳለጠኝና ዘጭ! አንዲት እናት ከቁመታቸው የሚረዝም የጭራሮ ሸክም አዝለው፣ በላስቲክ ጫማ፣ ቆም አሉና "እኔን ልጄ! ፊት ለፊት አትውረድ፣ በጎን በጎን በል" ብለውኝ ቀጠሉ። እንዳሉኝ አደረግኩ፣ ሰራ። እሳቸውን ግን ልደርስባቸው አልቻልኩም፣ ያውም የሁለት ወር ቁጠባዬን በጨረሰ የሩጫ ጫማ።

ታች ሻይ ልጠጣ ስገባ ባለቤቷ ከላይ እስከታች አየችኝና በርጩማውን ወደ ውጭ አወጣችልኝ። ነገ ቢሮ ነኝ፣ ካልሲው እስካሁን አልደረቀም።