ቡቺ ብቻውን መቆየት ቻለ፤ የቀረን የማታው ነው

ይህን የምጽፈው ደስ ስላለኝ ነው። ውሻዬ ቡቺ ገበያ ደርሼ እስክመለስ ብቻውን ቆየ። አልጮኸም፣ በሩን አልቧጠጠም፣ ቤት ውስጥ አልሸናም። በቪዲዮ የተቀረጸውን አየሁት፤ አብዛኛውን ጊዜ ተኝቶ ነው ያሳለፈው። ውሻችሁ ጥላችሁት ስትወጡ የሚረበሽባችሁ ሰዎች ደስታዬ ይገባችኋል።

የጀመርንበትን ላሳጥረው። ባሕር ዳር፣ አባይ ማዶ ተከራይቼ ነው የምኖረው። ልክ ስወጣ ይጮሃል፣ ያለከልካል፣ ለሃጩ ደረቱን ያርሰዋል። ጎረቤቴ እትዬ «ልጄ፣ ይሄ ውሻ እኮ እንደ ሰው ነው የሚያለቅሰው» አሉኝ። የሰፈሩ ምክር «እሰሪው» ወይም «ተይው፣ ይለምዳል» ነበር። በሁለቱም አልስማማም። የፈራ ውሻ ሲታሰር ፍርሃቱ አይለቀውም፣ ለመፈታት ሲታገል ራሱን ይጎዳል። ተመልሶ መቆጣትም እንደዚያው ነው። ከሰዓታት በፊት ካበላሸው ነገር ጋር አያገናኘውም፤ የእናንተን መምጣትም መፍራት ይጀምራል።

ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ አሮጌ ስልክ ነው። መደርደሪያ ላይ አቁሜ እየቀረጽኩ እወጣለሁ። ጭንቀቱ የሚብሰው በወጣሁ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች እንደሆነ ያየሁት በዚያ ነው። የተውኩለትን የተቀቀለ ሳንባ አፍንጫው ሥር እያለ አይነካውም፤ ስመለስ ነው የሚበላው። በጤናው ሳንባ ትቶ የሚሄድ ውሻ አይደለም። ስለዚህ ብልግና ነው ለሚሉኝ ሁሉ ቪዲዮውን አሳያቸዋለሁ።

ትልቁ ፈተና ባጃጅ ሆነብን። ጭንቀቱ የሚጀምረው ከመውጣቴ በፊት ነበር፦ ቁልፍ ሳነሳ፣ ነጠላ ስለብስ፣ ጫማ ሳጠልቅ። እነዚህን ማለማመድ ቀላል ነው። ቁልፉን አነሳና ቁጭ ብዬ ቡና እቆላለሁ። ነጠላዬን ለብሼ ዕቃ አጥባለሁ። ቀና ብሎ ማየት እስኪተው ድረስ ደጋገምኩት። ባጃጅ ግን በእጄ አይደለም። የሚያልፈው ሁሉ አያስጨንቀውም፤ በሩ ላይ ቆሞ የሚነሳው ብቻ ነው የሚያሸብረው። ይዞኝ የሚሄደው እሱ ነዋ!

መጀመሪያ እስከ አስፋልቱ በእግሬ እየሄድኩ እዚያ መሳፈር ጀመርኩ። ከዚያ ድምፁን በስልኬ ቀድቼ፣ ሳንባውን ሲበላ በጣም ዝቅ አድርጌ አሰማሁት። መብላቱን ካቆመ ድምፁን እቀንሳለሁ፤ ዘና ካለ በጥቂቱ እጨምራለሁ። በመጨረሻ የሰፈራችንን አንድ ሹፌር ለመንኩት። በር ላይ ይቆማል፣ እሳፈራለሁ፣ መታጠፊያው ድረስ ሄደን እንመለሳለን። ሒሳቡን እከፍለዋለሁ። መጀመሪያ «ለውሻ ነው?» ብሎ ተገርሞ ነበር። አሁን ባገኘኝ ቁጥር «ቡቺ እንዴት ዋለ?» ይለኛል።

ዋናው ደንብ ሳይሸበር መመለስ ነው። ብቻውን የሚቆይበት ጊዜ በሰከንዶች ተጀምሮ ወደ ደቂቃ ይሄዳል። ሁልጊዜ እያስረዘማችሁ አትሂዱ፤ ዛሬ 5 ደቂቃ ከሆነ ቀጥሎ 2፣ ከዚያ 7 ይሁን። ከተጨነቀ ወደ ኋላ መልሱት። በልምምዱ ወቅት ደግሞ ከአቅሙ በላይ ብቻውን መተው የለበትም። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ነው፤ እኔንም ከሁሉም የከበደኝ እሱ ነው። የእትዬ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ እኛ ቤት እያጠና ባይቆይልኝ ኖሮ እዚህ አንደርስም ነበር።

ሌላ ውሻ ጨምሪለት ያሉኝ ነበሩ። አልመክርም። ቡቺ የሚፈልገው እኔን ነው፤ ሁለተኛው ውሻ እኔን አይተካም። የጠዋት የእግር ጉዞ ግን ይረዳል። ሐይቁ ዳር የምትወስዱ፣ በደንብ ሳይነጋ አትውጡ፤ ጉማሬ ሌሊት ሣር ለመጋጥ ከውኃ ይወጣል። ምግብ ስትተዉለት ደግሞ ወጥ የነካው ነገር አይሁን፣ ቀይም ነጭም ሽንኩርት ውሻን ይመርዛል። የተቀቀለ አጥንትም ሆነ የጣና ዓሣ አጥንት ተሰብሮ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል።

ልምምድ ብቻ የማይበቃቸው ውሾች አሉ። ለእነሱ እንደ ፍሉኦክሰቲን እና ክሎሚፕራሚን ያሉ መድኃኒቶች አሉ፤ የሚያዘው ግን የእንስሳት ሐኪም ነው። ለሰው የታዘዘ ክኒን ቆርሳችሁ እንዳትሰጡ፣ አደራ! መድኃኒቱም ቢሆን ከልምምዱ ጋር ነው የሚሠራው።

የቀረን የማታው ነው። ቀን የለመደውን ባጃጅ ከመሸ በኋላ ሲሰማ እንደገና በሩ ሥር ይቆማል። ስለዚህ ማታ ማታ ከቀዳሁት ድምፅ፣ ከዝቅተኛው ጀምሬ እየደገምኩለት ነው። በማታ ሞክራችሁ የተሳካላችሁ ካላችሁ፣ መብራት ትታችሁ ነው አጥፍታችሁ? ጻፉልኝ።