እማዬ ቧንቧ የከፈተችባቸው ቤቶች

እሁድ ማታ፣ አዳማ፣ ግንቦት

ዛሬ ቤት ስናይ ውለን ገባን። እማዬ ነጠላዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ሶፋው ላይ ጋደም ብላለች። ሳይጠፋብኝ ልጻፈው።

ባለቤቴ የሚሠራው አዲስ አበባ፣ ቃሊቲ ነው። ሌሊት 11 ሰዓት ሳይሞላ ይወጣል። የፍጥነት መንገዱን 85 ኪሎ ሜትር ሚኒባሱ በአንድ ሰዓት ገደማ ይጨርሰዋል፤ ቱሉ ዲምቱ ከደረሱ በኋላ ያለው መጨናነቅ ነው ሰውን የሚገድለው። ማታ ሲገባ ልጃችን ተኝታለች። ይህን ሁሉ የምንችለው አዳማ ላይ የራሳችን ጣሪያ ይኖረናል ብለን ነው። በ9 ዓመት 5 ቤት ተከራይተናል። የአሁኗ አከራያችን ደግሞ ልጃቸው ሊያገባ ስለሆነ እስከ መስከረም ልቀቁልኝ ብለውናል።

እቁቡ ወጥቶልናል፤ የባለቤቴ መሥሪያ ቤት ቁጠባና ብድር ማኅበር የተወሰነ ያበድረናል። ያለንን ሁሉ ስንደማምር 2 ሚሊዮን ተኩል ደረሰ። ዘመድ ከረዳን፣ ወርቄም ከተሸጠ፣ 4 ሚሊዮን እንነካለን።

እማዬን ይዣት የሄድኩት ዓይኗን ስለማምን ነው። ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ካምፕ ውስጥ ነው ያሳደገችን፤ ቤቱ የፋብሪካው ነበር፤ አባዬ ጡረታ ሲወጣ ቁልፉን አስረክበን ወጣን። የጉድጓዱ ውሃ ፍሎራይድ የበዛበት ስለነበር የእኔም የወንድሞቼም ጥርስ ቡናማ ሆኖ ቀርቷል። ስለዚህ እማዬ ቤት ስትገባ ሳሎኑን አታይም። ቀጥ ብላ ቧንቧው ጋ ትሄዳለች።

ደላላው መጀመሪያ የወሰደን የከተማው ጫፍ፣ የነፋስ ተርባይኖቹ ጋራው ላይ ተደርድረው ወደሚታዩበት በኩል ነው። 140 ካሬ፣ 900 ሺህ ብር። ባጃጁ አሸዋው ላይ አልሄድ ስላለው የቀረውን በእግራችን ወጣነው። ቧንቧ የለም፤ ውሃ በጋሪ ነው የሚመጣው። መብራት ከጎረቤት በገመድ የተጎተተ ነው። ሻጩ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው። እማዬ በኦሮምኛ ሰላም ስትላቸው ፊታቸው ፈታ አለ። ቦታው ላይ በር የሌላት አንዲት የቆርቆሮ ጎጆ ቆማለች። የሚሸጠው እሷ ናት ማለት ነው፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም፣ ስለዚህ ወረቀቱ ላይ “ቤቴን ሸጥኩ” ተብሎ ይጻፍና ሦስት ምስክር ይፈርምበታል። ካርታ የለም። “ሕጋዊ ሲደረግ ካርታ ይወጣለታል” አለን ደላላው። ካልተደረገስ ብዬ ብጠይቀው ስልኩን ማየት ጀመረ።

እማዬ የጠየቀችው ግን ሌላ ነው። “አባባ፣ እርስዎስ ወዴት ሊሄዱ ነው?” አለቻቸው። “ከተማው እየመጣ ነው” አሉ ሽማግሌው። “ዛሬ ብሸጠው ገንዘቡን በእጄ አያለሁ። ነገ ለልማት ተብሎ ቢወሰድ ምን እንደማገኝ አላውቅም።” ከዚያ በኋላ ዋጋ መከራከር አልቻልኩም። ቦታው የረከሰው እሳቸው ስለፈሩ ነው፤ ብንገዛው ያንን ፍርሃት ነበር የምንረከባቸው።

ቀጥሎ ኮንዶሚኒየም። ባለ አንድ መኝታ፣ 2 ሚሊዮን 400 ሺህ፣ አራተኛ ፎቅ። ካርታው በሻጯ ስም ነው፣ እገዳም የለበትም። ባለቤቴ ልቡ እዚህ ነው፤ ብድር ሳንጨምር፣ ወርቄን ሳንነካ እንገባለን ይላል፣ እውነቱንም ነው። ሊፍት የለውም። እማዬ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆማ ተነፈሰች፣ ሦስተኛው ላይ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ስንደርስ ቧንቧውን ከፈተችው፤ ፉጨት ብቻ ወጣ። ኮሪደሩ ላይ የተደረደረውን ቢጫ ጀሪካን አየች፣ እኔን አየችኝ፣ ምንም አላለችም። ከጣሪያው ሥር ያለው ቤት የአዳማን ሙቀት እንዳለ ያወርደዋል፤ ቀን 8 ሰዓት ላይ ግድግዳውን ስነካው ምጣድ ነው።

ከ9 ሚሊዮን ጀምሮ ያለውን ያየነው ደላላው ስላስቸገረን ብቻ ነው። የብሎኬት ቤት፣ ሰርቪስ ያለው፣ ያላለቀ የሊዝ ክፍያ ያለበት፤ ከዚያ ደግሞ 22 ሚሊዮን የተባለለት ጂ ፕላስ አንድ። ለሁለተኛው ከባጃጁም አልወረድንም።

ልቤ የቀረው ከፖስታ ቤት ብዙ ሳይርቅ ያለችው ጭቃ ቤት ላይ ነው። 4 ሚሊዮን 200 ሺህ። 165 ካሬ፣ ነባር ይዞታ። ግድግዳው አንድ ቦታ ላይ ሆዱን ነፍቷል፤ የጣሪያው ቆርቆሮ ዝጓል፤ ሽንት ቤቱ ጓሮ ነው። ግን ግቢ አላት። በሩ አጠገብ አንዲት ፓፓያ ፍሬ አንጠልጥላ ቆማለች፣ ከሥሯ ጥላ አለ። እማዬ ቧንቧውን ስትከፍተው ውሃው ተንደቅድቆ ወጣ። በመዳፏ ተቀብላ አሸተተችው። ከአዋሽ ተጣርቶ የሚመጣው የከተማው ውሃ ነው። ከዚያ ጎንበስ ብላ የውጭውን ግድግዳ በእጇ እየዳበሰች ዞረች። ከመሬት አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ የደረቀ የጭቃ መስመር አለ። አዳማ በጋራ የተከበበች ጎድጓዳ ናት፤ ክረምት ላይ የጋራው ውሃ ሁሉ ወደ ታች ነው የሚመጣው። “ቤት በሐምሌ ነው የሚታየው” አለች እማዬ። “በግንቦት ሁሉም ቤት ደረቅ ነው።”

ባለቤትየዋ ሞተው ቤቱ ለአራት ልጆች የወረደ ነው። የወራሽነት ማረጋገጫውን አይቼዋለሁ፣ ደህና ነው። አንዷ ልጅ ውጭ ስለሆነች ውክልና ልካለች። ውክልናውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ “እንዲያስተዳድርልኝ” ይላል፣ “እንዲሸጥልኝ” አይልም። የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ደላላው “እህቴ፣ ይሄ ቀላል ነገር ነው፣ ይስተካከላል፤ እስከ ረቡዕ 200 ሺህ ቀብድ ጣሉና ያዙት” አለኝ።

ቀብድ የሚለውን ቃል ስሰማ እስካሁን ሆዴ ይላወሳል። ከሁለት ዓመት በፊት ለሌላ ቤት 50 ሺህ ቀብድ ሰጥተን፣ ሻጩ የተሻለ ዋጋ ሲያገኝ አፍርሶብን፣ ያንኑ 50 ሺህ በአራት ወር እያቆራረጠ ነበር የመለሰልን። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቀብድ ተቀብሎ ውል ያፈረሰ እጥፉን ይመልሳል እንደሚል ያወቅነው ሁሉ ነገር ካለፈ በኋላ ነው። የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ሆኖ ውል አዋዋይ ፊት ወይም ፍርድ ቤት መመዝገብ እንዳለበትም ያኔ ነው የተማርነው። እኛ የተፈራረምነው ሻይ ቤት ውስጥ፣ ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ ነበር።

አሁን ማታ ባለቤቴ ጋ ደወልኩ፤ የሌሊት ተራ ደርሶት ዛሬ እዚያው ነው የሚያድረው። ስለ ጭቃ ቤቷ ስነግረው ዝም ብሎ ሰማኝ። “ወርቅሽን ሸጠሽ፣ ከዘመድ ተበድረን፣ ጭቃ ቤት?” አለ በመጨረሻ። ጭቃውን በየዓመቱ ትንሽ በትንሽ እንቀይረዋለን፤ አራተኛው ፎቅ ላይ ግን እማዬን በየዓመቱ ወጣት ማድረግ አንችልም አልኩት። “እሺ፣ ቀብዱን ግን ረቡዕ አንሰጥም” አለ። በዚህ ተስማማን። “እንዲሸጥልኝ” የሚል ውክልና ከኤምባሲ ተጽፎ እስኪመጣ ሐምሌ መግባቱ አይቀርም፤ ያኔ እማዬም ውሃው የት ድረስ እንደሚመጣ ታያለች። እስከዚያ ሌላ ሰው ቀድሞን ሊገዛት ይችላል። ይህን እያሰብኩ ነው እንቅልፍ የራቀኝ።

ይህን ስጽፍ እማዬ የተኛች መስሎኝ ነበር። ዓይኗን ሳትገልጥ፣ “ቤቱ ሴትየዋ ከሞቱ ጀምሮ ባዶ ነው አላለም ያ ደላላ?” አለችኝ።

“አዎ፣ እማ።”

“ከፓፓያዋ ሥር ያለው አፈር እርጥብ ነበር። ማነው ታዲያ የሚያጠጣት?”

ጠዋት ለደላላው ከመደወሌ በፊት ብቻዬን ሄጄ ጎረቤቶቹን እጠይቃለሁ።