ዲስኩን ላቆም ብዬ መጋዘኑን አቆምኩት

ጅማ ውስጥ የአንድ ቡና መጋዘን ሰርቨር የማየው እኔ ነኝ። ሚዛን ቤት ያለችው ልጅ ጀንፈል መዝና ሴቭ ትላለች፣ ደረሰኝ ይወጣል፣ ሲስተማችን በቃ ይቺው ናት። መብራት ደሞ እንደፈለገ ነው የሚጠፋው፣ እና ባካፑን ላስተካክል ብዬ ተነሳሁ።

ዲስኩ እየተጻፈበት እያለ ስናፕሾት (የዲስኩን የዚያች ቅጽበት ቅጂ) ብታነሳው ግማሹ ገብቶ ግማሹ ሳይገባ ይያዛል፣ እያወራ ያለ ሰው ፎቶ ሲነሳ አፉ ተንጋዶ እንደሚወጣው ማለት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ኤፍኤስፍሪዝ በሚባል ትዕዛዝ ታቆመዋለህ፣ ሚሞሪ ላይ ያለውን ዲስኩ ላይ ያራግፍና አዲስ ሊጽፍ የመጣውን ሁሉ ቆይ ይለዋል፣ ስናፕሾቱን አንስተህ ትለቀዋለህ። ከሊኑክስ 2.6.29 ጀምሮ፣ በፈረንጆቹ ከ2009 ማለት ነው፣ ኤክስት4 በሚባለው የሊኑክስ ፋይል አደራደር ላይም ይሰራል፤ አዲስ ነገር የጨመርኩበት እኔ ነኝ።

ስክሪፕቴ፣ በተራ የሚፈጸሙ ትዕዛዞች ማለት ነው፣ እንዲህ ይላል፦ "ላቆም ነው" ብለህ ሎግ (የሥራ መዝገብ) ላይ ጻፍ፣ አቁም፣ "ቆሟል" ብለህ ጻፍ፣ ስናፕሾት አንሳ፣ ልቀቅ። ሎጉ ያለው የት ነው? እዛው የሚቆመው ዲስክ ላይ!

ስክሪፕቱን አስጀምሬ ቡና ልጠጣ ወጣሁ (ቡና መጋዘን እየዋሉ ቡና ፍለጋ መውጣት)። ሁለተኛው ስኒ ላይ ስልክ ጮኸ፣ "ሲስተም የለም!" እኔም በሙሉ ልብ "ራውተሩን አጥፍተሽ አብሪው" አልኳት።

በዝናብ በባጃጅ ስደርስ አይሱዙ ተሰልፏል፣ ሀጂ "አንተ ልጅ ምን ነካክተህ ነው?" ይላሉ። ስክሪፕቱን ላስቆም ኮንትሮል ሲ ብል ወይ ፍንክች፣ በግድ የሚገድለውን ኪል ማይነስ ናይን ብለውም አይሞትም። የቆመ ዲስክ ማንበብ ግን ስለማይከለክል ሎጉን ከፈትኩት፣ የመጨረሻው መስመር "ላቆም ነው" ይላል። ያኔ ላብ አጠመቀኝ፣ ለካ ስክሪፕቱ "ቆሟል" ብሎ ለመጻፍ ዲስኩ እስኪለቀቅ እየጠበቀ ነው፣ ዲስኩን የሚለቀው ደሞ እሱ ራሱ ነው!

በሌላ ተርሚናል ገብቼ ለቀቅኩት። ወዲያው ፕሪንተሩ ጀመረ፣ አላቆም አለ። ልጅቷ እምቢ ሲላት ሴቭን 7 ጊዜ ተጭናዋለች፣ ሁሉም ተሰልፎ ሲጠብቅ ነበርና የአንድ ሽማግሌ 6 ጆንያ 42 ሆኖ ወጣ። "ስህተት ነው አባባ፣ ይመልሱልን" ስላቸው ደረሰኞቹን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱና፣

"ባለፈው 2 ኪሎ ስትቀንሱብኝ ሲስተም አይሳሳትም አላላችሁም?"