ቁልፉ ሠራ፣ ፈቃዱስ?

መሥሪያ ቤታችን 30 አዳዲስ ኮምፒውተሮች ገዛ። ለሶፍትዌር የተረፈው ገንዘብ ግን ግማሹን እንኳ አይሸፍንም። የአይቲ ክፍሉ ኃላፊ እኔ ስለነበርኩ መላ መፈለጉ የእኔ ሥራ ሆነ። ያገለገሉ ላይሰንሶች፣ ማለትም ሌላ ሰው ቀድሞ የገዛቸውን የሶፍትዌር መጠቀሚያ ፈቃዶች፣ የሚሸጥ ድርጅት አገኘሁ። ዋጋው የአዲሱን ሩብ አይሞላም። ከፈልን፤ በዚያው ቀን 30 ቁልፎች፣ ማለትም ፕሮግራሙን የሚያስነሱ የፊደልና የቁጥር ኮዶች፣ በኢሜይል መጡ። አስገባኋቸው፣ ሁሉም ሠሩ። አለቃዬም «ጎበዝ!» አለኝ።

በአራተኛው ወር፣ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ስልኬ ማረፊያ አጣ። 11 ኮምፒውተሮች ላይ ቁልፉ ታግዷል የሚል መልእክት ወጥቷል። የሒሳብ ክፍል ሰዎች የወር መጨረሻ ሒሳብ ሊዘጉ ነበር፣ ሥራቸው ቆመ። እስካሁን ሳስበው የሚያመኝ እሱ ነው። ለሻጩ ደወልኩ፤ ሳያንገራግር 11 ምትክ ቁልፎች ላከልኝ። ነገሩ ያለቀ መሰለኝ።

በዚያው ሳምንት የውስጥ ኦዲተራችን መጣች።

«እነዚህን ላይሰንሶች ከእኛ በፊት የገዛቸው ማን ነበር?»

አላውቅም።

«እሺ፣ የቀድሞው ባለቤት መጠቀሙን ማቆሙን የሚያሳይ ወረቀትስ?»

እሱም የለም። በእጄ የነበረው አንድ ደረሰኝና 30 መስመር ፊደልና ቁጥር ነው። ቁልፍ ፕሮግራሙን ያስነሳል እንጂ የመጠቀም መብት አይሰጥም። እኔ ደግሞ ስለ መብቱ አንድም ጊዜ አልጠየቅሁም።

ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ማንበብ ጀመርኩ። ያገለገለ ሶፍትዌር መሸጥ በራሱ ሕገወጥ ነው ማለት አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት የፍትሕ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ሐምሌ 3 ቀን 2012 በሶፍትዌር አምራቹ ኦራክልና ያገለገሉ ላይሰንሶችን በሚሸጠው ዩዝድሶፍት ክርክር ላይ ፍርድ ሰጥቷል። አምራቹ ገንዘብ ተቀብሎ፣ ያለ ጊዜ ገደብ እንዲጠቀሙበት ፕሮግራሙን ከሰጠ፣ ገዢው መልሶ እንዳይሸጠው ሊከለክል አይችልም። ከኢንተርኔት የወረደም ቢሆን ያው ነው። በየዓመቱ እየታደሰ የሚከፈልበት ግን እዚህ ውስጥ አይገባም።

ፍርዱ ሁለት ነገር ያስገድዳል፤ እኔን ያስደነገጡኝም እነሱ ናቸው። አንደኛ፣ ሻጩ በሚሸጥበት ጊዜ የራሱን ቅጂ ከጥቅም ውጭ ማድረግ አለበት። ሁለተኛ፣ ጥቅል አይሸነሸንም። የኦራክል ላይሰንስ የሚሸጠው ቢያንስ ለ25 ተጠቃሚ በጥቅል ነበር። 27 ሠራተኛ ያለው ድርጅት ሁለት ጥቅል ይገዛል፣ የ23 ሰው ቦታ ይተርፈዋል። ያንን ትርፍ ቆርጦ ለሌላ መሸጥ አይችልም። ትርፍ ስለሆነ ብቻ የሚሸጥ ይመስላል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

በአሜሪካ ደግሞ መንገዱ ከዚህም ይጠባል። የዘጠነኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2010 ያየው ጉዳይ አውቶካድ የተባለ የንድፍ ሥራ ፕሮግራም ያገለገሉ ዲስኮችን ኢቤይ በተባለው የኢንተርኔት ገበያ ላይ ስለሚሸጥ ሰው ነበር። ዲስኮቹ እውነተኛ ናቸው። ሆኖም ቀድሞ የያዛቸው ድርጅት በውሉ መሠረት ባለፈቃድ እንጂ ባለቤት አልነበረም፤ ስለዚህ ባለቤት ያገለገለ ዕቃውን የመሸጥ መብት ለእሱም ሆነ ከእሱ ለገዛው ሰው አልሠራም።

ሻጩን በጽሑፍ ጠየቅሁት። ከሳምንት ዝምታ በኋላ እውነቱን ነገረኝ፤ ቁልፎቹ እስካሁን ሥራ ላይ ካለ የአንድ ድርጅት ጥቅል ላይ የተቆረጡ ናቸው። በየትኛውም ሚዛን ብንመዘን መውደቃችን ነው። ለአለቃዬ ሁሉንም ነገርኩት። 30ውንም ነቅለን አዲስ ገዛን። ገንዘባችን አልተመለሰም።

በዓመቱ አንድ ክፍል ተዘጋ። ከ100 ተጠቃሚ ጥቅላችን 40 ቦታ ባዶ ቀረ። አለቃዬ ጠራኝና «ያን 40 ለምን አንሸጠውም? የሚፈልግ አላጣም» አለኝ። ውሉን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት። 40ውን ለይተን መሸጥ እንደማንችል አሳየሁት።

ትንሽ አሰበና «ሙሉውን ብንሸጠውስ?» አለ።

«ያኔ የቀሩት 60 ሰዎች በምን ይሠራሉ?» አልኩት።

ውሉን ወደ እሱ ስቦ ከመጀመሪያው ገጽ ማንበብ ጀመረ።