ቀዩ ካርታ

ትናንት ክላርክስተን፣ ጆርጂያ ቤት ልታይ የመጣች ጓደኛዬ ስልኳን አውጥታ ወንጀል የበዛበትን በቀይ የሚያሳይ ካርታ ከፈተችና «ተመልከት፣ ከተማው በሙሉ ቀይ ነው! እዚህማ ልጅ አላሳድግም» አለችኝ።

የቆምንበት ደረጃ ላይ የአማዞን ካርቶን ተቀምጧል፤ አላፊ አግዳሚው ዞር ብሎም አላየውም። ፓርኪንጉ ውስጥ ደግሞ የአንዷ ቶዮታ መስኮት ተሰብሮ በጥቁር ፌስታልና በፕላስተር ተለጥፏል። ሥሯ የመስታወት ፍርፋሪ አለ። ሁለቱም ያው ሰፈር ነው።

የግድያ ቁጥር የሚሰላው በ100,000 ሰው ነው። ክላርክስተን ግን በ2020 ቆጠራ 15,000 እንኳ አልሞላችም። አንድ ሰው ከተገደለ ስሌቱ ወደ 7 ይጠጋል፤ በFBI ቁጥር ከ2023ቱ የአሜሪካ አማካይ ይበልጣል። በቀጣዩ ዓመት ማንም ካልተገደለ ዜሮ! (ካርታ ሠሪው ይህን መቼ ያስረዳል?)

«ማታ 4 ሰዓት ላይ ተመልሰሽ ነይ» አልኳት። «የፓርኪንጉ መብራት ይሠራ እንደሆነ እዪ። እዚያ በረንዳ ላይ ያሉትን እናቶችም ጠይቂያቸው።»