«ስለመለሱ እናመሰግናለን»

ባልደረቦቼ ይህን ወሬ ስለሰለቻቸው እዚህ ልጻፈው።

ጎንደር ውስጥ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነኝ። አንድ ሰሞን ራስን የማጥፋት ሐሳብን በስልክ የሚከታተል ጥናት ላይ መደቡኝ። ስልኩ በቀን አራት ጊዜ ይጮኻል። «አሁን ሐሳቡ ምን ያህል በርትቶብዎታል?» ይላል። ታካሚው ከ0 እስከ 5 ይሞላል።

ነገሩን አልጠላሁትም። ተመላላሽ ክፍል የምንሞላው ፒኤችኪው-9 የሚባል የድብርት መጠይቅ ላይ ስለዚህ ሐሳብ የሚጠይቀው ዘጠነኛው ጥያቄ የሚያወራው ስላለፉት 2 ሳምንታት ነው። ይህ ሐሳብ ግን ጠዋት ጠፍቶ ማታ ይመጣል፤ በሰዓታት ውስጥ ይወጣል ይወርዳል። ሰው ቀጠሮው ቀን ደህና ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ደግሞ መጠየቅ ሐሳቡን ሰው ጭንቅላት ውስጥ አይከትም። ይህንን ለስንቱ ቤተሰብ አስረድቻለሁ መሰላችሁ!

ከአዘዞ ፒያሳ የሚሠራ አንድ ባጃጅ ነጂ ታካሚ ነበረኝ። (መለያውን ቀያይሬዋለሁ።) ሰኞ ለቀጠሮው መጣና ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ።

«ሲስተር፣ ትናንት ማታ አምስት ሞላሁ።»

«እሺ?»

«‹ስለመለሱ እናመሰግናለን› አለኝ።»

ሳቀ። እኔም አብሬው ልስቅ ብዬ አቃተኝ። በሩን ዘጋሁና እዚያው ጠየቅሁት። አሁንስ? ያሰብከው ነገር አለ? ማታ ማን አብሮህ ነበር? ወንድሙን አስጠራን። ሐኪሙ እስኪያየው ከአጠገቡ አልተነሣሁም።

በሳምንቱ ስብሰባ ላይ አነሣሁት።

«አላርሙ እኮ ሠርቷል» አሉ አስተባባሪያችን።

«ማን አየው?»

«ዳሽቦርዱ ላይ አለ።»

አለ። ዳሽቦርዱ ሲያምር ደግሞ! ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ። እሑድ ማታ ቁጭ ብሎ ቀዩን የሚያይ ሰው ነው የጠፋው። ቀጥለው የስምምነት ቅጹን ገልጠው አሳዩን፤ «ይህ የድንገተኛ አገልግሎት አይደለም» ይላል፤ ታካሚውም ፈርሟል። የፈረመ ሰው ማታ አይጨንቀውም ማለት ነው።

ጭቅጭቁን ላሳጥረው። ነርሶቹ ተራ ገብተን አራትና ከዚያ በላይ ለሞላ ሰው መደወል ጀመርን። የስልክ ካርዱን ነገር ስናነሣ «በጀት ውስጥ የለም» ተባልን።

ብዙም ሳይቆይ የባጃጁ ሰውዬ ቁጥር ወረደ። ሁለት፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት። አስተባባሪያችን ግራፉን ለአለቆቻቸው አሳይተው ተመሰገኑ። እኔ ግን ፊቱን አይቼ ቁጥሩን አላመንኩትም።

«እውነቱን ንገረኝ እስኪ» አልኩት።

«አምስት ስል ትደውላላችሁ። ባለቤቴ ‹በዚህ ሌሊት የምትደውልልህ ማናት?› ትለኛለች። ለሷ ጠበል ገብቼ ድኛለሁ። ሁለት ስሞላ ቤቴ ሰላም ነው።»

«ሲብስብህስ?»

«እሱማ ይብሳል።»

ከብዙ ንግግር በኋላ የተስማማነው በሚስኮል ነው። ሲብስበት ግቢ ወጥቶ ለተረኛ ሚስኮል ያደርጋል፤ መልሰን እንደውላለን። ለባለቤቱ የሚነግራትን ደግሞ ከወንድሙ ጋር እያሰቡበት ነው። ሚስኮል ዳታ አይፈልግም፤ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት የተቋረጠበት የአማራ ክልል ሰው ይህን ይረዳል። እስካሁን ያደረገው ማታ ማታ ነው፤ ሁልጊዜም መልሰን አግኝተነዋል።

ለአስተባባሪያችን ነገርኳቸው። ዝም ብለው አዳመጡና፣ «ጥሩ፤ ግን ሚስኮሉ የትኛው ኮለም ውስጥ ይገባል?» አሉኝ።